አሥራ ዘጠኝ መሥሪያ ቤት ያወቀው ሞት

የዳቦ ቤቱ በር የወንድሜን ሞት ከእናቴ ቀድሞ አወቀ። ከቀብር በተመለስኩ በማግስቱ አራት ዳቦ ልገዛ ስቆም፣ በዚያ በተለሳለሰ ድምፁ «ሶልያና፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ስንት ዳቦ ይሁን?» አለኝ። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም፤ በር ለሰው የሚለውን መስማት ከተውን ስንት ዘመናችን። «አራት» አልኩትና ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ።

አውቶቡሱም አጽናናኝ። መድኃኒት ቤቱም የእናቴን የልብ ክኒን ሲሰጠኝ አጽናናኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ደግሞ መጀመሪያ ያጽናናኝና ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ማርፈዴን ይነግረኛል። ነገሩ ተንኮል የለውም። አሥራ ዘጠኝ መሥሪያ ቤቶች ለፀጥታ ሲባል የሚያውቁትን ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ያፈሳሉ፤ የፈለገ ከዚያ ይቀዳል። ዳቦ ቤቱ የሚቀዳው ከገበያ መሥሪያ ቤት ነው፣ ገበያ ከመዝገብ፣ መዝገብ ከሆስፒታል። ቋቱ ውስጥ የገባ ነገር የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

እናቴ ግን አታውቅም ነበር። ወይዘሮ ራሄል የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ጥር 1 ቀን የልብ ቫልቯ ሊቀየር ቀጠሮ ነበራት። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «እስከዚያ ድንጋጤ የሚባል ነገር አይድረስባቸው። ከደነገጡ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው የምናጣቸው» ብሎኛል።

ወንድሜ ኪሩቤል የሞተው ሰመራ ነው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አጣቢ ነበር። ጥቅምት 22፣ ሙቀቱ ሃምሳ አንድ በገባበት ቀን፣ በሰሌዳው ጥላ ሥር ቁጭ እንዳለ ቀረ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። በሙቀት የሞተ ሰው በማግስቱ እዚያው ይቀበራል፤ ሕጉ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ኢዩኤልና እኔ ደርሰን ቀበርነው። ፊቱን አየሁት። በልጅነታችን እኔው በድንጋይ የፈነከትኩት ጠባሳ ግንባሩ ላይ አለ፤ በጣቴ ነካሁት።

ጋሽ ኢዩኤል ከመቃብሩ ዞር እንዳልን፣ «ራሄል ከሆስፒታል እስክትወጣ አፋችንን እንያዝ። ከዚያ ሽማግሌ ይዤ፣ በጠዋት፣ እንደ ወጉ አረዳታለሁ» አለኝ። ወጉ ይኸው ነው። ሞት እኛ ዘንድ በድንገት አይነገርም። ለእርጉዝ ይደበቃል፣ ለአራስ ይደበቃል፣ ለታመመ ይደበቃል። ሰፈር በሙሉ ተማክሮ አንድ ሰው ላይ ይዋሻል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሰፈር በሙሉ አብሮት ያለቅሳል። መዝገብ መሥሪያ ቤት እንኳ ይህን አውቆ ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን ትቷል፤ «ለእናት ቤተሰብ ያረዳል» የምትል። ጋሽ ኢዩኤል ምልክት አደረገባት። ስለዚህ ለእናቴ በሮች ሁሉ ዝም አሉ፣ ለእኔ ብቻ ተናገሩ። አብሬያት መውጣት ተውኩ። «አቧራው ለልብሽ አይሆንም» እያልኩ ሁለት ወር አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኳት።

ችግሩ እሑድ ነበር። ኪሩ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይደውልላታል፤ አንድ እሑድ ቢቀር ትነቃለች። እናም ድምፁን ከድሮ ጥሪዎቹ ሰብስቤ እንደ እሱ የሚናገር አበጀሁ። በእኛ ዘመን ይህ ሙያ አይደለም፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይሠሩታል። «እማ፣ ደህና ነሽ? እዚህ ምስሉ አይሠራም» ይላታል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ዕቃ አጥባለሁ፤ የሟች ወንድሜ ድምፅ ሳሎን ውስጥ ክኒኗን መዋጧን ይጠይቃታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ጠላቴም አይሥራው። ለገና ብዬ ደግሞ በእሱ ስም አንድ ጋቢ አዘዝኩላት።

ሰባት እሑድ እንዲህ አለፈ። ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ፣ መልእክት መጣልኝ።

«ኪሩቤል ቴዎድሮስን በሚመለከት። መዝገብ መሥሪያ ቤት፦ ሞቷል። ጥሪዎች መሥሪያ ቤት፦ ከሞተ በኋላ ሰባት ጊዜ ደውሏል። ገበያ መሥሪያ ቤት፦ አንድ ጋቢ ገዝቷል። ጉዞ መሥሪያ ቤት፦ የትም አልሄደም። መሥሪያ ቤቶቹ ስላልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ፀጥታ ተዛውሯል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ መርማሪዎች የአንደኛ ደረጃ ዘመዶችን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሞቱን ማስረጃ በማሳየት ያነጋግራሉ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

የአንደኛ ደረጃ ዘመድ ማለት እኔና እናቴ ነን። ቀጠሮዋ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል፤ እነሱ በዘጠኝ ቀን የሬሳውን ምስል ይዘው በሯን ሊያንኳኩ ነው። ልጆቹን ሥዕል ሳሉ ብዬ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ መዝገብ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በሩ አጽናናኝ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ፣ «ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርገናል እኮ» አልኳት።

«አዎ፣ ይታየኛል። ግን የፀጥታ ጉዳይ ሲሆን ሳጥኗ አትሠራም።»

«ታዲያ ፀጥታን አስቁሙልኝ።»

«እኛ ላኪ ነን እንጂ አስቋሚ አይደለንም። ጥሪዎች መሥሪያ ቤት ይሞክሩ።»

ጥሪዎች መሥሪያ ቤት በሩ አጽናናኝ። እኔ ነኝ የደወልኩት ብዬ ቁጭ ብዬ ተናዘዝኩ። ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «እሱንማ እናውቃለን። ከራስዎ ቤት እንደተደወለ ትናንት አስገብተናል። የማናውቀው ለምን እንደተደወለ ነው» አለኝ።

«እየነገርኩዎት አይደል እንዴ ለምን እንደሆነ?»

«ለምን የሚለውን የሚቀበል ክፍል የለንም፣ ወይዘሮ።»

ጉድ እኮ ነው። በሦስት ቀን ስድስት መሥሪያ ቤት ዞርኩ። ሁሉም ጨዋ ናቸው፣ ሁሉም ወንበር ይስባሉ፣ ሁሉም ጉዳዩን ከሌላው ነው የተቀበሉት። ያንዱ ማስረጃ የሌላው ቃል ነው፣ የሌላው ቃል የሦስተኛው ማስረጃ። አሥራ ዘጠኝ መሥሪያ ቤት የሚያውቀውን ሞት አንዲት የታመመች ሴት ለአሥራ ሰባት ቀን እንዳታውቅ የሚያደርግ አንድ ሰው ጠፋ።

በአራተኛው ቀን የትስስር ጽሕፈት ቤት ደረስኩ፤ ቋቱን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ግድግዳው ላይ በትልልቁ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተጽፏል። ሥሩ አንድ ሸበቶ ሰው ተቀምጧል፤ አቶ ዳግማዊ ይባላል። ከዓይኑ ሥር ያለው እብጠት እንቅልፍ ካየ የቆየ ያስመስለዋል።

«አትድከሚ እህቴ፣ ጉዳይሽን አውቄዋለሁ» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «ስድስት ቦታ ሄደሻል። ሁለቱ ጋ አልቅሰሻል። ሻይ ልዘዝልሽ?»

«ሻይ አልፈልግም። እናቴ እንዳትሰማ ነው የምፈልገው። ከዚያ ወዲያ እሰሩኝ።»

«እኛም የአባቴን ሞት ለእናቴ አራት ወር ደብቀናታል» አለ። «ያኔ ቋቱ አልነበረም። ጎረቤት ብቻ ነበር የሚያውቀው፣ ጎረቤት ደግሞ አፉን ይይዛል። ይኼ አፍ የለውም፣ ምኑን ይይዛል?»

«ቋቱን የሚጠብቁት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«የምጠብቀው እንዳይጎድል ነው።» ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ስሚኝ። የተረጋገጠ ነገር ለሁሉም ይነገራል። ያልተስማማ ነገር ለዘመድ ይነገራል፣ እንዲያስማማ። ለዘመድ የማይነገር አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው።»

«ምን?»

«ተጠርጣሪ። ተጠርጣሪ ከሆነ ምስልም አይታይ፣ ሞትም አይነሳ። ዘመድ ሊያስመልጠው ይችላል ተብሎ።»

ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። አምስት ጥያቄ ነበር። አስከሬኑ የወንድሜ መሆኑን እርግጠኛ ነኝ? ከመሞቱ በፊት ባሕርይው ተለውጦ ነበር? ሊሸሽ የሚችልበት ምክንያት አለ? ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ሊቀበር ይችላል? የመጨረሻው፦ ወንድምዎ ሞቷል ብለው ያምናሉ?

ያ ጠባሳ አሁንም ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ግንባሩ ገና ይሞቅ ነበር፤ ሰመራ ሬሳ እንኳ አይቀዘቅዝም። «አላምንም» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ ወንድሜን ሁለተኛ የገደልኩት መሰለኝ። ደግሞም የመጀመሪያውን እንኳ እኔ አልገደልኩትም። አቶ ዳግማዊ ፊርማዬን አይቶ፣ «ከእንግዲህ በድምፁ እንዳትደውይ፤ አሁን ወንጀል ነው» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። አመሰገንኩት፣ ታዲያ ምን ላድርግ?

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤት ሄድኩ። «ሶልያና፣ ስንት ዳቦ ይሁን?» አለ በሩ። ጠበቅሁ። ሌላ ነገር የሚጨምር መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ከኋላዬ ያለችው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። አውቶቡሱም ዝም አለ፣ መድኃኒት ቤቱም ዝም አለ፣ ትምህርት ቤቱ ማርፈዴን ብቻ ነገረኝ። ለካ ለቅሶ የደረሱኝ እነሱ ብቻ ነበሩ። አሁን በዚህ ዓለም ላይ ኪሩቤል መሞቱን የምናውቅ እኔና ጋሽ ኢዩኤል ብቻ ቀረን፤ ጋሽ ኢዩኤል ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው።

ቢሆንም ቀለለኝ። ዘጠነኛው ቀን ደረሰ፣ አለፈ። እሑድ ሳይደወል ሲቀር እናቴ አልጠየቀችኝም፤ አልጠየቀችም ብዬ ደስ አለኝ። አቤት የኔ ሞኝነት።

ታኅሣሥ 26 ቀን ከሥራ ስመለስ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጧል፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀዋል። እናቴ ሻይ ሰጥታቸዋለች። የተጠርጣሪ ዘመድ ምንም አይነገረውም እንጂ ይጠየቃል፤ ይህን አቶ ዳግማዊ ረሳው ወይ ሊነግረኝ አፈረ።

ሴቲቱ መርማሪ፣ «እናቴ፣ ልጅዎ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያነጋግርዎ የት እንዳለ ነግሮዎታል?» አለቻት።

«አልነገረኝም። ምን አድርጎ ነው?»

«እሱን መናገር አንችልም። እየፈለግነው ነው።»

እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እየፈለጋችሁት ነው?»

«በአሥራ ዘጠኝ መሥሪያ ቤት፣ እናቴ።»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልቧ ነው ብዬ ተወርውሬ ያዝኳት። ቀና ብላ ስታየኝ ግን ጥርሷ ይታያል። እናቴ ሳቅ ይዟታል። «ጠጡ እንጂ ልጆቼ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ» አለቻቸው። ወንዱ ሲወጣ ከበራችን በላይ የልብስ ቁልፍ የምታክል ጥቁር ነገር ለጠፈ። «ጆሮ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚወራውን ይሰማል። አይነካ» አለ በትሕትና። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ እየመጡ እንደሚጠይቋት ነግረዋት ሄዱ።

በሩን ዘጋችው። ወደ ጥቁሩ ነገር ቀና ብላ አየችና ክንዴን ይዛ መታጠቢያ ቤት አስገባችኝ። ቧንቧውን ከፈተችው።

«ሶሊ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እኔ እኮ ሞቷል ብዬ ነበር።»

ይበልጥ ተጠጋችኝ።

«ያ እሑድ እሑድ የሚደውለው እሱ እንዳልሆነ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ኪሩ መቼ አስጨርሶኝ ያውቃል? ገና አፌን ስከፍት ‹እሺ እማ፣ እሺ እማ፣ ቻው› ነው። ይኼኛው ስለ ጎረቤት ድመት አርባ ደቂቃ ሙሉ አዳመጠኝ! ልጄ ሞቷል፣ ሶሊ እየደበቀችኝ ነው አልኩ። እዚሁ እየገባሁ፣ ውኃ እየከፈትኩ አለቀስኩት። ሁለት ወር አለቀስኩት። ስወጣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ እንዳትሰቀቂ ብዬ። ሽማግሌ እስክታመጪ ነበር የምጠብቀው፤ ተዘጋጅቼ ነበር።»

የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዤ ቁጭ አልኩ። ልቧ ችሎት ነበር። ሐኪም የፈራላት ነገር ደርሶባት፣ ብቻዋን ተሸክማ፣ ጨርሳው ነበር። ያን ሁሉ በር ዞሬ፣ ያን ሁሉ ክህደት ፈርሜ፣ ምንም ባላደርግ ኖሮ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ጮኼ ባለቅስ ደስ ባለኝ።

«እማ፣ ስሚኝ…»

«ዝም በይ፣ አሁን ነው የገባኝ! እሱ አልሞተም፣ በድምፁ የደወልሽው ግን አንቺ ነሽ ማለት እኮ… አንቺ ለእሱ ሽፋን እየሆንሽው ነው! ያ ድምፅም፣ ያ ጋቢም። የሆነ ነገር ነክቶ ተደብቋል፣ አንቺ ደግሞ ለእኔም ሳትነግሪ ትጠብቂዋለሽ። ወይ የኔ ልጅ!» ፊቴን በሁለት እርጥብ እጇ ያዘችው። «መንግሥት ለሞተ ሰው ይደክማል? አይደክምም። አሥራ ዘጠኝ መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ሰውማ አለ፤ የሆነ ቦታ ይበላል፣ የሆነ ቦታ ይጠጣል።»

በጉሮሮዋ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ እልል አለች።

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ። ቀጠሮዋ አምስት ቀን ቀርቶታል። አንድ ጊዜ የቀበረችውን ልጅ ከመቃብር አውጥቼ ሰጥቻታለሁ፤ እዚያው ላይ መልሰሽ ቅበሪው ለማለት አፍ ከየት ላምጣ? ከሆስፒታል እስክትወጣ አልኩ። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ከሆስፒታል እስክትወጣ ነው።

ወጣች። እንደዚያ ያለ ጥሩ መዳን አላየሁም ብሎ ሐኪሙ ተገረመ። «እናትሽ የሚጠብቁት ነገር አለ መሰለኝ» አለኝ። የካቲት ላይ አራተኛ ፎቅ በእግሯ ትወጣ ጀመር። የሐሙስ መርማሪዎች ሲመጡ ከታች ሆና ትቀበላቸዋለች፣ ትመርቃቸዋለች። «አገኛችሁት?» ትላለች። «እየፈለግን ነው እናቴ» ይሏታል። በጣም ደስ ይላታል። ማታ ራቷን ጥርግ አድርጋ ትበላለች፤ ኪሩ ከሄደ ጀምሮ እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም።

ወደ አቶ ዳግማዊ ተመለስኩ። ቃሌን አንሱልኝ አልኩት።

«ጥርጣሬ ይገባል እንጂ አይወጣም» አለኝ። ከታኅሣሥ ይልቅ አርጅቷል። «አሥራ ዘጠኙም ተቀብለውታል። ሁለቱማ አይተነዋል ብለዋል።»

«ማንን?»

«ወንድምሽን። ጎንደር አንዴ፣ ሞያሌ ሁለቴ።»

«መቃብሩን ቆፍሩት ታዲያ! ሰመራ ነው፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ!»

«ለመቆፈር የሟች መዝገብ ያስፈልጋል። ሟች የለም፣ እህቴ።» ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ አምንሻለሁ። እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ማመን ግን ምንም አይሠራም።»

«ሽማግሌዎች ቢያረዷትስ? ይታሰራሉ?»

«ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል፣ ያ ብቻ። ይህን ያህል አይከለከልም።» ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። «ማን ያምናቸዋል ተብሎ ነው።»

ለጋሽ ኢዩኤል ስነግረው ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «ቋት ነው፣ ምን ቅብጥርሴ ነው፣ እኔ አላውቅም። እጄ አፈር ነክቷል። ልጅ ሞቶ እናት ሳትረዳ እኔ አልሞትም» አለ። አምስት ሽማግሌ ከእድሩ ሰበሰበ። መጋቢት 9፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አራት ፎቅ ደረጃ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘን አዘቅዝቀዋል። በሩን ከውስጥ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፤ በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ነበርኩ።

እናቴ የሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ከመኝታ ቤት ወጣች። ስድስት ሽማግሌ በጠዋት በሩ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም።

ጋሽ ኢዩኤል ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ራሄል፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ኪሩቤል ጥቅምት 22 ቀን ሰመራ ላይ አርፏል። እኔና ሶልያና በእጃችን ቀብረነዋል። ለጤናሽ ብለን ነው የደበቅንሽ፤ ይቅር በይን» አላት።

እናቴ አየችው። ከዚያ አምስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ዓይኔን አላሸሸሁም። በመጨረሻ ቀና ብላ ከበሩ በላይ ያለውን ጥቁር ነገር አየች።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች።

ፀጉሯን ፈታች፣ ደረቷን መታች፣ በጉልበቷ ወደቀች። የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ። ሴቶቹ ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ እየሮጡ ገቡ፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሞላ። እናቴ ሙሾ አወረደች፤

«እሑድ ማን ይጥራኝ፣ ማን ይበለኝ እማ፣
በረሃ ወሰደው የቤቴን ማማ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አምስት ወር የታፈነው ሁሉ መጣብኝ፤ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ወጥ ቤት ሆኜ የሰማሁት ድምፅ፣ «አላምንም» ብዬ የጻፍኩት። ወንድሜን በስሙ ጠርቼ ጮኼ አለቀስኩ። ጋሽ ኢዩኤል ከዘራው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ሰው ሁሉ «ኪሩቤል፣ ኪሩቤል» ይላል። ሞቷል፣ በቃ፣ ሞቷል፤ እናቴም አውቃለች፣ ሰፈርም አውቋል፣ እንደ ወጉ ሆነ። በሐዘን መሃል እንዲህ ያለ እፎይታ እንዳለ አላውቅም ነበር።

እየተሳብኩ ሄጄ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴ አጥብቃ አቀፈችኝ፣ እየተወዛወዘች፣ እየጮኸች። ጉንጯ ጉንጬ ላይ አረፈ። ደረቅ ነበር።

አፏን ጆሮዬ ውስጥ ከተተችው።

«በርቺ፣ እንዳታቆሚ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይኼን ከሰሙ ሞቷል ብለው ፍለጋውን ይተዋሉ፤ ልጄም ወደ ቤቱ ይመጣል። ጋሽ ኢዩኤልን ማን እንዲህ አስተማረልኝ?» ደረቷን ደግማ መታችና ነጠላዋን ስባ ፊቴን ጠረገችልኝ። «አንቺማ ጉድ ነሽ፤ የእውነት እንባ ሁሉ አመጣሽ።»